በልግ ሲመጣ ብቅ የሚለው ሁሉ «አማሪሊስ» አይደለም

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ነው የምኖረው። አምና የገዛነው ቤት ግቢው በጋውን ሙሉ ባዶ መሬት ነበር። መጋቢት ላይ ዝናብ ሲመታው ግን ሽንኩርት የመሰለ ነገር ከየቦታው ብቅ ብቅ አለ። አንዱ ቅጠል እንኳን ሳያወጣ ቀይ ኳስ አበበ። ሌላው ጥሩንባ የመሰለ ትልልቅ ቀይ አበባ አለው። አጥር ሥር ያለው ነጭ ነው፤ ማታ ማታ ያውዳል። መተላለፊያው ዳር ደግሞ ሣር የመሰለች ሮዝ አበባ አለች። ጎረቤቴ "ሁሉም አማሪሊስ ነው፣ ቀለሙ ነው የሚለያየው" ትላለች። አማቴ ደግሞ "የጅብ ሽንኩርት ነው፣ መርዝ ነው፣ ንቀይው" ይላሉ። አትክልተኛው ለይቶ ሊተክላቸው ብሎ ሰባት ያህል ነቀለና ኩሽና የሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ አስቀመጣቸው። የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ። እህቴ ከሆላንድ ያመጣችልኝ ቱሊፕም ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። እንዴት ልለያቸው? የቱን ላስቀር፣ የቱን ልንቀል?»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት እነዚያን ሰባቱን ከቅርጫቱ ያውጡ። ዛሬውኑ። የቀረውን ቀስ ብለው ያነቡታል። የተነቀሉት የትኞቹም ይሁኑ የትኞቹ፣ እርስዎ ከዘረዘሯቸው ውስጥ የሚበላ አንድም የለም። ከቀይ ሽንኩርት ጋር ተደባልቀው ከከረሙ ደግሞ መብራት በጠፋ ምሽት አንዱ ተልጦ ወጥ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

እነዚህ ተክሎች ላይኮሪን የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር አላቸው። ከቅጠሉም ከአበባውም ይልቅ የሚበዛው ራሱ ላይ ነው። ራስ ስል ከመሬት በታች ያለውን፣ እኛ ባለሙያዎቹ ኮረት የምንለውን ክፍል ነው። የበላ ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። መጠኑ ሲበዛ የባሰ ይመጣል። ለሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ «ብዙ» የሚባለው ትንሽ ነው። ልጁ አኝኮ ካገኙት አፉን በውሃ ያጥቡ፣ በግድ አያስመልሱት፣ ከተክሉ ቁራጭ ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ወተት አጠጪው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ወተት ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ።

ሽንኩርት መሆን አለመሆኑን ለመለየት አፍንጫ ይበቃል። ቅጠሉን በጣትዎ አሸት አድርገው ያሽትቱ። ቀይ ሽንኩርትም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ባሮ ሽንኩርትም ወዲያው ይታወቃሉ። የእርስዎ ግቢ ተክሎች ግን የታጨደ ሣር ይሸታሉ። ይህ ፈተና በአንድ በኩል ብቻ እንደሚሠራ ልብ ይበሉ። ካልሸተተ አይበላም። ሸተተ ማለት ግን ይበላል ማለት አይደለም። ቀድመው ሽንኩርት ከከተፉ በዚያ እጅ የነኩት ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

አሁን ወደ ስሙ። አማትዎ ግማሽ ልክ ናቸው። «የጅብ ሽንኩርት» የአንድ ተክል ስም አይደለም። ሽንኩርት መስሎ የማይበላውን ሁሉ የምንጠራበት ስም ነው፤ የዱር እንጉዳይን የጅብ ጥላ እንደምንለው። በአንዱ አካባቢ ቀይ ኳሱ የጅብ ሽንኩርት ነው፣ በሌላው አካባቢ ነጩ። ስለዚህ ስሙ «አትብላ» ይላል እንጂ የቱ እንደሆነ አይነግርዎትም። መርዝነቱን በተመለከተ ግን እሳቸው ልክ ናቸው።

የጎረቤትዎ ስህተት የእሳቸው ብቻ አይደለም። ሳይንሱ ራሱ ከ200 ዓመት በላይ ተወዛግቦበታል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. አማሪሊስ የሚለውን ስም አወጣ። ስሙ የደቡብ አፍሪካው ተክል ነው ወይስ የደቡብ አሜሪካዎቹ የሚለው ግን አከራከረ። የደቡብ አሜሪካዎቹ ባለ ጥሩንባ ተክሎች በ1821 ሂፔአስትረም የሚል የራሳቸው ስም ቢሰጣቸውም ክርክሩ አልቆመም። አማሪሊስ የሚለው ስም ለደቡብ አፍሪካው ተክል እንዲጸና የተወሰነው በ1987 በርሊን ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ ነው። ነጋዴው ግን የድሮውን ስም አልተወም። ስለዚህ ችግኝ ሻጭ ጋ «አማሪሊስ» ብለው የሚገዙት በአብዛኛው ሂፔአስትረም ነው። የእርስዎ ቀይ ጥሩንባም እሱ ይመስለኛል። ሌሎቹ ሦስቱ ግን የቀለም ልዩነት አይደሉም። ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ አይደሉም።

እንዴት ይለያሉ? ቀለሙን ይርሱት። ሂፔአስትረም ቀይም ነጭም አለው፤ ነጭ የሚያብብ ደግሞ ሌላ ብዙ ነው። እኔ ራሴ አንድ መንገድ ዳር ካለ ችግኝ ሻጭ «ነጭ አማሪሊስ» ተብዬ ገዝቼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ልጅ ተንከባክቤ፣ ሲያብብ ሸረሪት የመሰለ ነገር ወጣ። ስሙን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። ያን ጊዜ ቅጠሉን ብቻ አይቼ መግዛቴ አሁንም ያናድደኛል፤ ሥራዬ ነው እኮ።

መጀመሪያ የአበባውን ዘንግ ይቁረጡ። አበባው ሊረግፍ ሲል፣ ቅጠል ሳይሆን አበባውን የተሸከመውን ዘንግ ከሥሩ ቆርጠው ሰሃን ላይ ያስተኙት። በምላጭ ገሚስ ላይ ይክፈሉት። ውስጡ እንደ መቃ ባዶ ከሆነ፣ ዘንጉም የአውራ ጣት ያህል ከወፈረና ከላይ ከሁለት እስከ ስድስት ትልልቅ አበባ ከተሸከመ፣ ሂፔአስትረም ነው። እንደ ሸንኮራ አገዳ ጢም ብሎ ከሞላ ሂፔአስትረም አይደለም። ከዚህ የሚቀል ፈተና አላውቅም። እጅዎ ላይ የሚፈሰው ፈሳሽ ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል ጓንት ያድርጉ፤ ሰሃኑንም ለብቻው ይጠቡት።

ቀጥሎ ቅጠሉን ከላይ ሆነው ይዩት። የሂፔአስትረም ቅጠሎች ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይወጣሉ፣ እንደተዘረጋ ማራገቢያ። አጥር ሥር ያለው ነጩ ክራይነም የሚባለው ዘመዳቸው ከሆነ ግን ቅጠሎቹ እንደ ሬት ዙሪያውን ይበተናሉ፣ መሃላቸውም እንደ አሸንዳ ጎድጎድ ይላል። ራሱም ይለያል። የሂፔአስትረሙ ክብ ነው፣ አንገቱ አጭር፣ ቡናማ ወረቀት የመሰለ ልባስ ያለው። የክራይነሙ አንገተ ረጅም ነው፣ በጥልቀት ይቀበራል፣ ሲያረጅ ደግሞ ለመንቀል ዶማ ያስፈልጋል። አትክልተኛው ላብ በላብ ሆኖ ካወጣቸው ውስጥ አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል።

አበባ ከሌለስ? ክራይነምን የሚያጋልጥ ሌላ ዘዴ አለ። ከቅጠሉ ጫፍ ትንሽ ቆርሰው ሁለቱን ቁራጭ ቀስ ብለው ያራርቁ። በመሃላቸው እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ፣ የሚለጠጥ ነጭ ክር ካዩ ክራይነም ነው ማለት ይቻላል። የሂፔአስትረም ቅጠል ዝም ብሎ ይበጠሳል። ብርሃን ላይ ይዘው ይሞክሩት፤ ልጅ ሳለሁ የማኘክ ማስቲካ እንደምንጎትተው ነው፣ ግን ክሩ የፀጉር ያህል ነው።

ዘሩም ይናገራል። የሂፔአስትረም ዘር ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ የተቃጠለ ወረቀት ይመስላል፤ እፍ ቢሉት ይበራል። የክራይነም ዘር አረንጓዴና ሥጋማ ነው፣ ቅርፁም ወጣ ገባ፣ ትንሽ ድንች ያህል። መደርደሪያ ላይ ቢረሱት አፈርም ውሃም ሳያገኝ ይበቅላል። መጀመሪያ ሳየው ማን ያጠጣዋል ብዬ ቤተሰቡን ጠይቄአለሁ።

ነጩ አበባ ላይ ግን አንድ ነገር ይቀራል። ማታ የሚያውድ ነጭ አበባ ክራይነም ብቻ አይደለም። ወደ አበባው መሃል ይጠጉ። ወንዴ ክሮቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከቆሙ ክራይነም ነው። በስስ ነጭ ሽፋን ተያይዘው ስኒ የመሰለ ነገር ከሠሩና ቀጫጭን የአበባ ቅጠሎች ከስኒው ሥር እንደ ሸረሪት እግር ከተበተኑ ሂመኖካሊስ ነው። እኔን ሦስት ዓመት ያስጠበቀኝ እሱ ነው። ሂመኖካሊስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ክራይነም ግን በአገራችን በዱር የሚበቅሉ ዓይነቶች አሉት።

ቀይ ኳሱ ከማንም ጋር አይምታታም፤ ቢያንስ ሲያብብ። ስካዶክሰስ ይባላል። ኳስ የመሰለው አንድ አበባ አይደለም፣ እስከ 200 የሚደርሱ ትንንሽ አበቦች ናቸው። የሚያምታታው ከአበባው በኋላ ነው። ቅጠሉ ሲወጣ ሰው ሌላ ተክል የበቀለ ይመስለዋል። ሰፊ ነው፣ መሃሉ ላይ ጎላ ያለ ጅማት አለው፣ የቅጠሎቹም ግርጌ ተጠቅልሎ እንደ ሙዝ ግንድ የውሸት ግንድ ይሠራል። ግርጌው ላይ ብዙ ጊዜ ጠቃጠቆ ይታያል። ይህ ተክል የራሳችን ነው። ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል በሰፊው በዱር ይበቅላል። ሰው ይህን ነቅሎ ጥሎ ከውጭ የመጣ አበባ በብር ሲገዛ ሳይ ይከነክነኛል።

የመተላለፊያው ሮዝ ዘፊራንተስ ናት። ቅጠሏ ሣር፣ ራሷ የነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ ያህል፣ በአንድ ዘንግ ላይ አንድ አበባ ብቻ። ዝናብ በዘነበ በቀናት ውስጥ ታብባለች። የእሷም ዘንግ ባዶ ነው፤ በመጠኗ ግን ከሂፔአስትረም ጋር የሚያምታታት የለም።

ጭራሽ ኮረት የሌላቸውም አሉ፤ ሰው አብሮ ይቆጥራቸዋል። ራሱን ለሁለት ቢከፍሉት እንደ ሽንኩርት በድርብርብ ከተላጠ ኮረት ነው። እንደ እንሰት አምቾ ድፍን ከሆነ ሌላ ነው፤ ግላዲዮለስ እንዲያ ነው። አጋፓንተስ፣ ማለትም ሰማያዊ ኳሱ፣ ወፍራም አግዳሚ ሥር ነው ያለው። አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ ግን እዚህ ላይ አለኝ። አጥር ላይ በቅጠሉ ጫፍ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ ቀይና ቢጫ እሳት የመሰለ አበባ ካለዎት ግሎሪዮሳ ነው። ሥሩ ቀጠን ያለ ስኳር ድንች ይመስላል። ውስጡ ያለው ኮልቺሲን ነው፤ ሰው ይገድላል። እሱን ብቻ፣ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ ያለ ክርክር ያስነቅሉት።

አንድ አለመግባባት ላንሳ። ብዙ ሰው «የፀደይ አበባ» ሲባል የሚታየው መስከረምና አደይ አበባ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፣ ማለትም በልግ። አደይ አበባ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ከዘር የሚበቅል ነው፣ ኮረት የለውም። የእርስዎ ተክሎች የሚቀሰቀሱት በጋውን ከመሬት በታች ተኝተው ከርመው የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካቸው ነው። አበባው ቅጠሉን የሚቀድመውም ለዚህ ነው፤ እምቡጡ አምና ተሠርቶ ኮረቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ቱሊፑም የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ግን በተገላቢጦሽ። የእኛዎቹን የሚቀሰቅሳቸው ከድርቅ በኋላ የሚመጣ ዝናብ ነው። ቱሊፕን የሚቀሰቅሰው ከብርድ በኋላ የሚመጣ ሙቀት ነው። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ ቢበርድ ቀኑ ያሞቀዋል። አፈሩ አይደለም፣ እርስዎም አይደሉም። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን ከፍራፍሬ መራቅ አለበት፣ ከፍራፍሬ የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ እምቡጡን ያመክነዋል። እንዲያም አድርገው የሚያዩት ለአንድ ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ፍሪጅ ውስጥ ሌላ «ሽንኩርት» ማስቀመጥዎ ነው። እኔ ብሆን እህቴን በሚቀጥለው ቸኮሌት አምጪልኝ እላታለሁ።

ወሰኑንም ልንገርዎት። በዚህ ሁሉ ዘዴ የሚደርሱበት ወገኑ ላይ ነው፤ ክራይነም ነው፣ ሂፔአስትረም ነው እስከሚለው። ክራይነሙ የትኛው ዓይነት ክራይነም ነው ለሚለው አበባ፣ ቅጠልና ዘር አንድ ላይ ተይዞ ባለሙያ ማየት አለበት። ገበያ ላይ ያሉት ሂፔአስትረሞች ደግሞ አብዛኞቹ ተዳቅለው ተዳቅለው የመጡ ናቸው፤ ከየትኛው ዘር ነው ብሎ መድከም ትርፍ የለውም። የተነቀሉትን ሰባቱንም እንዲሁ ኮረታቸውን ብቻ አይቶ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ከግሎሪዮሳ በቀር ምንም አይንቀሉ። በቅለው ያሉት ባሉበት ይቆዩ። ሰባቱን ለየብቻ ማሰሮ ላይ መልሰው ይትከሏቸው። አንገታቸው አጭርና ልባሳቸው ወረቀት የሚመስለውን ሲሶውን ከአፈር ውጭ ይተዉት፤ አንገተ ረጅሙን እስከ አንገቱ ይቅበሩት። ከሃይላንድ ጠርሙስ ቁራጭ ላይ በሚስማር ቁጥር ጭረው እያንዳንዱ ላይ ይሰኩ፤ በማርከር የተጻፈን ፀሐይ ያጠፋዋል። በሚቀጥለው በልግ ሲያብቡ ስማቸውን ቁጥሩ ላይ ይጽፋሉ። ማካፈልና ቦታ መቀየር ከፈለጉ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፣ ተኝተው ሳሉ።

ውሃ በጋ ላይ ይቀንሱ። የሐዋሳ አፈር በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ቀላል ድንጋይ ያለበትና ውሃ የሚያሳልፍ ስለሆነ ዕድለኛ ነዎት። ግቢዎ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ የቀረበ ከሆነ ግን ክረምት ላይ ኮረቱ ይበሰብሳልና መደቡን ከፍ ያድርጉት። አትክልተኛውን ደግሞ አበባው ካለቀ በኋላ አረንጓዴ ቅጠል እንዳይቆርጥ ይንገሩት። ሂፔአስትረም አራት ቅጠል በሠራ ቁጥር ነው አንድ እምቡጥ ውስጡ የሚጀምረው። «አስቀያሚ ሆነ» ተብሎ የታጨደ ቅጠል የከርሞ አበባ ነው።

ለልጅዎ ሲሉ ሁለት ነገር ያድርጉ። የመተላለፊያዋን ዘፊራንተስ ጥር ላይ ከፍ ባለ ማሰሮ ያዛውሯት፤ እስከዚያ በሽቦ ይከልሏት። የቀይ ኳሱን ዘንግ ደግሞ አበባው እንደረገፈ ይቁረጡት፣ ቅጠሉን ሳይነኩ። ከተዉት ፍሬ ይይዛል። ፍሬው ሲበስል ቀይና የሚያብለጨልጭ ይሆናል፤ ለልጅ ዓይን ከረሜላ ነው።